ዕንቁላሉ ገባ፣ ወጣቱ ደጅ ቀረ

የዋልታ ምርምር ታሪክ ሲወሳ ሁልጊዜ የሚነሱት አለቆቹ ናቸው፤ ስኮት፣ አሙንድሰን፣ ሻክልተን። ወጣቱስ? ማን ወሰደው? ወጪውንስ ማን ቻለለት? እስቲ ከዚህ እንነሳ።

እ.ኤ.አ. በ1910 አፕስሊ ቼሪ ጋራርድ የሚባል የ24 ዓመት እንግሊዛዊ ከስኮት ጋር ወደ አንታርክቲካ ለመሄድ አመለከተ። ኦክስፎርድ ታሪክ የተማረ እንጂ የሳይንስ ሰው አልነበረም። ለጉዞው 1,000 ፓውንድ አቀረበ፤ አይሆንም ተባለ። ገንዘቡን ግን እንዲያው ሰጠ፤ በዚህም ተደንቀው ወሰዱት። ደግነቱን ማንም አይክድም። ታዲያ 1,000 ፓውንድ የሌለውስ?

በ1911 የዋልታው ክረምት ቼሪ ጋራርድ ከዊልሰንና ከባወርስ ጋር ፀሐይ በማትወጣበት ጨለማ አምስት ሳምንት ተጓዘ። ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ከኬፕ ክሮዚየር ካነሷቸው አምስት የፔንግዊን ዕንቁላሎች ሁለቱ ተሰበሩ። ጓደኞቹ በ1912 ከስኮት ጋር ሞቱ፤ ሦስቱን ዕንቁላል በ1913 ለንደን ሙዚየም ያደረሰው እሱ ነው። በ1922 ባሳተመው መጽሐፉ እንደተረከው፣ ዕንቁላሉን ተቀበሉት፤ እሱን ግን ለደረሰኝ ኮሪደር ላይ ገተሩት።

እኔን የሚከነክነኝ ይቺ ኮሪደር ናት።

ሌላም መንገድ ነበር እኮ! በ1921 ሻክልተን በ«ክዌስት» መርከብ ሲነሳ በውድድር ከተመረጡት ሁለት ስካውቶች አንዱ የ18 ዓመቱ ስኮትላንዳዊ ጄምስ ማር ነበር። ያስመረጠው ገንዘቡ አይደለም። ያ ልጅ አድጎ የባሕር ሥነ ሕይወት ሊቅ ወጣው፤ በ1962 ዓሣ ነባሪ ስለሚመገበው ስለ ክሪል ትልቅ ጥናት አሳተመ። አንድ በር ተከፈተለት፣ አንድ የዕውቀት ዘርፍ ተገኘ።

ዛሬ በሩ ጉባኤው ነው። በ2007 እና በ2008 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት ጊዜ ወጣት ተመራማሪዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል፤ ለጉባኤ መሄጃ የጉዞ ድጋፍ እንዲገኝም ይጥራሉ። አንዳንዱ ግን «ጽሑፉ ይላክ፣ ልጁ ባይሄድ ምን ይጎድላል?» ይላል። ይጎድላል እንጂ! ወረቀት ይነበባል፤ የሚጠየቀውና የሚመልሰው ግን ሰው ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ላይ ቦታ የሚገኘውም ሻይ ሰዓት ላይ ተዋውቆ፣ ተከራክሮ ነው።

ከአንታርክቲካ ተቆፍሮ በወጣ የበረዶ ዓምድ የ800,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ ተነቧል። ይህን መሰሉ ሥራ በአንድ ሰው ዕድሜ አያልቅም፤ ተረካቢ ይፈልጋል። ተረካቢውን ለአውሮፕላን ቲኬት ብሎ ደጅ ማስቀረት የራስን ሥራ በገዛ እጅ መቅበር ነው።

ስለዚህ የጉዞ ድጎማ ምጽዋት አይደለም፤ የዕውቀት ውርስ ነው። ዕንቁላሉን ከተቀበልን፣ ተሸክሞ ያመጣውንም እናስገባው።