የእንጦጦ ሙዚየምና የጭቃው ቤተ መንግሥት

በአዲስ አበባ ከሲ.ኤም.ሲ መኖሪያ ሰፈሮች በስተሰሜን የሚታየው የየካ ተራራ ወደ ምዕራብ እየተያያዘ ሄዶ ከእንጦጦ ጋር ይገጥማል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚደርሰው በዚህ ከፍታ ላይ፣ ከእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የዳግማዊ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን ዘመን የሚዘክር ሙዚየም ይገኛል። በውስጡም አልባሳት፣ ንዋያተ ቅድሳትና ነጋሪት፣ ማለትም አዋጅ ሲነገርና ሠራዊት ሲነሣ ይጎሰም የነበረው ትልቅ ከበሮ፣ ለጎብኚ ይታያሉ። ይሁን እንጂ የእንጦጦ ዋነኛ ቅርስ ከሙዚየሙ በር ውጭ የቆመው ቤተ መንግሥት ራሱ ነው።

ይህ ቤተ መንግሥት የተሠራው በእንጨትና ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ሲሆን፣ ግድግዳው በኖራ ተለስኖ ጣሪያው ሣር ለብሷል። ከዐድዋው ድል አድራጊ ስም ጋር ግንብና ዕብነ በረድ የሚጠብቅ ጎብኚ ቅር ሊሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን አሠራሩ ከባላገር ቤት የሚለየው በዓይነቱ ሳይሆን በስፋቱ መሆኑ፣ የዘመኑን ቤተ መንግሥት አኗኗር ከማናቸውም ጌጥ ይልቅ በጉልህ ያስረዳል።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ከወደቁ በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ በስምንት ማዕዘን በታነጸው እንጦጦ ማርያም ሲሆን፣ ቀቢው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ። የሚያስገርመው ግን፣ ሥርዓተ ንግሡ በተፈጸመበት ጊዜ እንጦጦ ራሱ ወደ መለቀቁ ተቃርቦ ነበር። ለምሽግነት የተመረጠው ከፍታ ብርዱ የከፋ፣ ውሃው የራቀ፣ ደኑም በማገዶና በቤት ሥራ የተመናመነ በመሆኑ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም ከፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን ቆርቁረዋል፤ መኳንንቱና ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ተከትለው ወረዱ።

የማገዶው ችግር ግን አብሮ ወረደ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው የነበረ ሲሆን፣ ከተማዪቱን ከመፈታት ካዳኗት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ በፍጥነት የሚያድገውና ከተቆረጠ በኋላም የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤተ መንግሥቱን የከበበው ደን፣ የእንጦጦ ፓርክን ያለበሰው ጭምር፣ ምኒልክ ሲነግሡ አልነበረም። የዛፉ ዳፋ አፈርና ውሃን ማራቆቱ መሆኑ ቢታወቅም፣ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ ዓመታት የከተማዪቱን ምድጃ ያነደዱት በእርሱ ነው።

የአካባቢው ታሪክ ከምኒልክ እንደማይጀምር ደግሞ የየካው ዋሻ ሚካኤል ይመሰክራል። ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ይህን ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በአብርሃና አጽብሐ ዘመን ሲያስቀምጠው፣ ተመራማሪዎች በመካከለኛው ዘመን ይመድቡታል።

ስለሆነም ወደ እንጦጦ የሚወጣ አንባቢ በቅድሚያ የጭቃውን ቤተ መንግሥት ግድግዳ ቀርቦ ይመልከት፣ ከዚያ ወደ ሙዚየሙ ይግባ፤ ጊዜ ከተረፈውም ዋሻ ሚካኤልን ሳያይ አይመለስ።