ከማክሰኝት ማሳ እስከ ቪየና፦ የአንድ ተፋሰስ ጥናት ታሪክ

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ተማሪውን ወደ ባሕር ማዶ የሚወስደው መንገድና ወደ ገጠር የሚያወርደው መንገድ ብዙ ጊዜ ተለያይተው ኖረዋል። ጎንደር ሁለተኛውን መንገድ ቀደም ብላ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ በተከታዩም ዓመት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን በቡድን አደራጅቶ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ስለ ነበር፣ የመንደሩን ውሃና ንጽሕና መመርመር የትምህርቱ ክፍል ሆኖ ቆየ።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙበት አንድ ቦታ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በማክሰኝት አካባቢ ያለው የጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ነው። ስፋቱ ወደ 54 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን ውሃው ወደ ጣና ይወርዳል። (ይህ ጉማራ ከፎገራው ጉማራ ጋር መምታታት የለበትም።) እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ባሉት ዓመታት የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅትና የቪየናው የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፣ በኦስትሪያ የልማት ተራድኦ ገንዘብ እየተረዱ፣ በዚሁ ተፋሰስ አብረው ሠርተዋል። የቪየና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ወደ ማክሰኝት መጡ፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ከዚሁ መሬት የሰበሰቡትን ልኬት ይዘው ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ቪየና ሄዱ።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ከሁለት ጎረቤታም ንኡሳን ተፋሰሶች አንደኛው በድንጋይ እርከን ተሠራ፤ ሌላው ለማነጻጸሪያ እንደ ነበረ ተተወ። በሁለቱም መውጫ ላይ ጎርፉ የሚለካበት ግድብ ተበጀ፤ የደፈረሰው ውሃ እየተቀዳ ደለሉ ተመዘነ። እርከን በተሠራበት በኩል ጎርፉም ደለሉም ቀንሶ ተገኘ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም፤ ለተመራማሪው ማነጻጸሪያ የሆነው መሬት ለባለቤቱ የጤፍና የማሽላ ማሳው ነው። በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር ለሠንጠረዡ አኃዝ ቢሆንም ለእርሱ ግን የሚቀጥለው ዓመት እህል ነው። የመስክ ጥናት የሚያስተምር ሁሉ ይህን ለተማሪው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል።

በቪየና የሚጠብቀው ሥራ ሌላ ዓይነት ነው። ስዋት የተባለው የኮምፒዩተር ሞዴል በአሜሪካ የተሠራ ሲሆን፣ ተፋሰሱን በተዳፋቱ፣ በአፈሩና በአጠቃቀሙ ከፋፍሎ ጎርፍንና ደለልን ያሰላል። ነገር ግን የማክሰኝትን እርከን በራሱ አያውቅም። ተማሪው የተዳፋቱን ርዝመትና የመሬቱን ውሃ የማስረግ ችሎታ የሚወክሉትን ቁጥሮች እያስተካከለ፣ ስሌቱን በግድቡ ላይ ከተለካው ጋር ማገናዘብ ነበረበት። በእኔ አስተያየት የውጭ ትምህርቱ ዋጋ ከዚህ ላይ ነው፤ የባዕድ መሣሪያ በአገር ልኬት ተፈተነ።

ውጤቱ በእንግሊዝኛ ታትሟል። ወደ አካባቢው መማሪያ ክፍል ለመግባት ግን ገና አማርኛና ቀለል ያለ መልመጃ ያሻዋል። ለዚህ የሚያውከው የትምህርት ዘመኑ አቆጣጠር ነው፤ ዋናው ዝናብ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ነው። ሆኖም መሬቱ ታርሶ ቡቃያ ሳያለብሰው የሚወርደው የሰኔ ጎርፍ በደለል የበለጠ የተሞላ ነው፤ በዚያን ጊዜም ተማሪዎች ገና አልተበተኑም። አንድ ጠርሙስ ጎርፍ ቀድቶ፣ አዝቅጦ፣ አድርቆ መመዘን ከሚዛን በቀር ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም።