የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ
በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ታሪክ እንደ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ብዙ ነገር የለወጠ የለም። ትርፍ ቤት ያለው ሁሉ ተወረሰበት፤ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። በብዙ የቀበሌ ቤቶች ግን ጥገናው ተረሳ፤ ቆርቆሮው ዝጎ አፈሰሰ፣ ጭቃው ከግድግዳው ተላቀቀ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ የግል አከራይ ሲበዛ ስምምነቱ ብዙ ጊዜ በቃል ነበር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደነገገ።