ዜና መሐለቅ ዘሐረር ወአሞሌ ዘባሶ

በ1873 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ዐፄ ዮሐንስ ራስ አዳል ተሰማን ተክለ ሃይማኖት ብለው ንጉሠ ጎጃም ወከፋ አድርገው አነገሡ። ንጉሡም በመንቆረር ተቀመጡ፤ ይህችውም በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ የተባለችው ናት። የአገሩ ታላቅ ገበያ ባሶ ነበረ። ከዐባይ ማዶ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይመጣበት ነበር፤ ሒሳቡ ግን በአሞሌና በጠገራ ብር ነበረ። ንጉሡ በስማቸው ገንዘብ አላስመቱም። በጠገራው ላይ ያለችው የነምሳዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ናት፤ መቼም ቢመታ ዓመቱ 1780 ይላል፤ ነጋዴውም የጌጧን ነጠብጣብ ሳይመረምር አይቀበለውም ነበር። አሞሌው በጎጃም ክረምት ይሟሟል። ነገር ግን ጨው ነውና፣ ገበያ ቢንቀው ወጥ ይቀበለዋል።

በምሥራቅ በሐረር ከ200 ዓመት በላይ የገዙት አሚሮች ግን መሐለቅ የሚባል የራሳቸው ገንዘብ ነበራቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ወደ ከተማዪቱ ገብቶ ያየው መሐለቅ በእጅ የተሠራ ናስ ነበረ። በአንዱ ፊት የሐረር ስም፣ በሌላው 1248 ዓመተ ሒጅራ ተጽፎበታል። አሚሩ በከተማው ሌላ ገንዘብ የሚያወጣውን ያለ ምሕረት ይቀጡ ነበር። በቅጣት የሚታመን ገንዘብ ያን ጊዜውኑ የታመመ ነው።

በ1868፣ በዘመነ ዮሐንስ ወንጌላዊ፣ ራኡፍ ፓሻ የግብፅን ጦር መርቶ ሐረርን ያዘ፤ አሚር መሐመድም ተገደሉ። ግብፆች በ1877 ሲወጡ ልጃቸው አሚር አብዱላሂ ተተኩ። እርሳቸውም የግብፅን ገንዘብ ሽረው ዋጋው የወረደ መሐለቅ አስመቱ። ግምጃ ቤቱን ሊደግፉ አስበው ይሆናል፤ የደኸየው ግን ባለ ሱቁና ገበሬው ነው።

ከዚህ አስቀድሞ በ1874፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ግንቦት 30 ቀን፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ስለ ደቡቡ ግብር እምባቦ ላይ ተዋግተው ነበር። የጎጃሙ ንጉሥ ቆስለው ተማረኩ፤ የደቡቡም በር ለምኒልክ ተከፈተ። ምኒልክ በ1879፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጨለንቆ ላይ አሚር አብዱላሂን ድል ነሡ፤ አሚሩ ሸሹ፣ ሐረርም ለምኒልክ ሹም ለመኮንን ተሰጠች። የአሚሮቹ ዘር ሥልጣን በዚሁ አበቃ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገንዘብ ባለማስመታታቸው ብዙ ጎደለባቸው ማለት አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ኋላ በፓሪስ ያስመቱት ባለ አንበሳ ብርና የመዳብ ቤሳ ጠገራውን ከገበያ ማስወጣት አቅቶታል። የ1937ቱ የገንዘብ አዋጅ ሲወጣም የጎጃም ገበሬ ጠገራውን ገና ከጉያው አላወጣም ነበር።