ድሪቶ

«ድሪቶ» ስንል መቼም ማዋረዳችን ነው። ልብሱ የተጣፈ ሰው ድሪቶ ለባሽ ይባላል፤ ሐሳቡ ያልተያያዘ ጽሑፍም እንደዚያው። መምህር ሳለሁ በስንት ተማሪ ወረቀት ላይ ይህችን ቃል በቀይ እስክሪብቶ እንደጻፍኩ እግዜር ይቁጠረው። ዛሬ ቃሏን ለመመለስ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሃሪየት ፓወርስ እ.ኤ.አ. በ1837 በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት በባርነት ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ ቁርጥራጭ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየሰፋች አዳምና ሔዋንን፣ ቃየልና አቤልን፣ ስቅለቱን የያዘ የአልጋ ልብስ ሠራች። በ1886 አቴንስ በተባለችው የጆርጂያ ከተማ፣ በጥጥ ትርኢት ላይ፣ ጄኒ ስሚዝ የምትባል ነጭ ሠዓሊ አይታው ልግዛ አለች። ሃሪየት አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባት ግን ራሷ ይዛው ሄደች፤ 10 ዶላር ጠይቃ 5 ተቀበለች። ከዚያም ልጇን ለማደጎ እንደሰጠች እናት እየተመላለሰች ትጎበኘው ነበር።

ያ ባለ 5 ዶላር ጨርቅ ዛሬ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶንያን ሙዚየም ውስጥ ነው። ምሁራንም አሠራሩን የጥንቱ ዳሆሜ፣ የዛሬው ቤኒን፣ የፎን ሕዝብ ከሚሠራቸው ባለ ሥዕል ጨርቆች ጋር ያነጻጽሩታል። መርከቡ ሰዎቹን ባዶ እጃቸውን ቢያመጣቸውም፣ እጃቸው ግን ባዶ አልነበረም ማለት ነው።

ፌዝ ሪንጎልድ የተወለደችው በ1930 ኒውዮርክ፣ ሃርለም ነው። የተማረችው የአውሮፓን ሥዕል ነበር። እናቷ ዊሊ ፖዚ ግን ልብስ ሠሪ ነበሩ። በ1980 እናትና ልጅ ተቀምጠው አብረው ሰፉ፤ የልጅቱ የመጀመሪያ የጨርቅ ሥዕል ተወለደ። በ1988 በሠራችው «ታር ቢች» ላይ ሥዕሉም፣ ታሪኩም፣ ስፌቱም አንድ ላይ ናቸው፤ አንዲት ጥቁር ልጅ ከቤት ጣራ ተነስታ በድልድዩ ላይ ትበራለች። ሥራው በጉገንሃይም ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገባ። ሪንጎልድ በ2024 በ93 ዓመቷ አረፈች።

ታዲያ በሃሪየትና በፌዝ መካከል ምን ተለወጠ? መርፌው ያው መርፌ ነው። የተለወጠው ስም አውጪው ነው። አንዷን «ባለ እጅ» ያላት ገዢዋ ነበረች፤ ሌላዋ ግን ራሷን ሠዓሊ ብላ ጠራች።

እኛስ? አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከለከሉ። ስድቡ ግን አዋጁን አልሰማም። የሚገርመው ደግሞ፣ የነጠላችንን ጥለት «ጥበብ» ብለን ስንጠራ ሸማኔውን ጠቢብ ማለት ተናነቀን። ቃሉን ወስደን ባለቤቱን ደጅ አስቀረነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ያቺን ቀይ ቃል ሰርዟት። ድሪቶ ማለት፣ ለካ፣ ሌላው የጣለውን አንድ አድርጎ መስፋት ነው።