በትንሿ ጣት ላይ ያለችው የብረት ቀለበት

ዘንድሮ ኢንጂነሪንግ የደረሳችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! "ቲቸር ምን ትመክረናለህ?" ያላችሁኝ በዝታችኋል። ምክሩን ትቼ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አገሩ ካናዳ ነው፣ ኩቤክ ከተማ አጠገብ። የሴንት ሎውረንስን ወንዝ የሚሻገር የባቡር ድልድይ እየተሠራ ነበር። አማካሪ መሐንዲሱ ቴዎዶር ኩፐር በዘመኑ አንቱ የተባለ ሰው ነው። በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለውን ርቀት ከ488 ወደ 549 ሜትር አሳደገው። ይሁን፣ ምክንያት ነበረው። ጉዱ ግን ድልድዩ ሲረዝም የራሱ ክብደት እንደገና አልተሰላም። በድሮው ቁጥር ቀጠሉ! ነገሩ ሲታወቅ ብዙው ብረት ተሠርቶ ስለነበር ኩፐር ይችለዋል ብሎ አለፈው።

ከዚያ የታችኞቹ ተሸካሚ ብረቶች መጉበጥ ጀመሩ። አንዱ ላይ ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰው ጉብጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 6 ተጠጋ። ኩፐር ደግሞ ያለው ኒው ዮርክ ነው፤ የብረቱ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ቦታውን በዓይኑ አላየውም። ማክሉር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ልኬቱን ይዞ በባቡር ሄደለት። ኩፐር ሲያየው ደነገጠና ተጨማሪ ጭነት እንዳይጫን ቴሌግራም መታ። የመታው ግን ፔንሲልቫኒያ ላለው የብረት ኩባንያ እንጂ ለኩቤክ አልነበረም። ኩቤክ ላይ ሥራው አልቆመም።

ነሐሴ 23 ቀን 1899 ዓ.ም (ኦገስት 29፣ 1907)፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል፣ ያ ሁሉ ብረት በሰከንዶች ውስጥ ወንዝ ገባ። ድልድዩ ላይ ከነበሩት 86 ሰዎች 75ቱ ሞቱ። ከነሱም 33ቱ ካህናዋኬ ከምትባል ከአንድ የሞሃውክ መንደር የመጡ ነበሩ። እስቲ አስቡት፣ አንድ መንደር 33 ሐዘን!

እንደገና ሲሠራ በ1916 የመሀሉ ክፍል ወደ ቦታው ሲሳብ ወደቀና ሌሎች 13 ሰዎች ገደለ (ከዚህ ወዲያ የምጽፈው ዓመት በፈረንጆቹ ነው)። በ1917 ግን አለቀ።

ከ1925 ጀምሮ የካናዳ መሐንዲሶች ሲመረቁ ቃል ገብተው የብረት ቀለበት ያጠልቃሉ። ከወደቀው ድልድይ ብረት ነው የተሠራችው የሚባለው ወሬ ነው፣ እንዳትሸወዱ። የምትጠለቀው በሚጽፉበት እጅ ትንሿ ጣት ላይ ነው። ለምን መሰላችሁ? ሲስሉና ሲያሰሉ ወረቀቱን እየነካች እንድታስታውሳቸው ነው።

ድልድዩ ዛሬም ቆሟል፣ ባቡርም መኪናም ያልፍበታል።