ምስሉ ቀጥ ሲል

በሚኒያፖሊስ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በዱባይ የምንኖር የአምቦ፣ የጉደር፣ የጊንጪና የጌዶ ልጆች ዛሬ «አገር ቤት ደወልኩ» ስንል በቪዲዮ መደወላችን ነው። ልማዱ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ድሮ በየሐበሻ ሱቁ የሚሸጠው የስልክ ካርድ ነበር፤ ምስጢር ቁጥሩ ይፋቃል፣ ረጅሙ ቁጥር ይመታል፣ ሰላምታው አልቆ ወደ ቁም ነገሩ ሳይገባ ካርዱ ያልቃል። ስካይፕ ሲመጣ ፊት ማየት ተቻለ፤ ሆኖም አምቦ ያለው ሰው ቀጠሮ ይዞ ኢንተርኔት ቤት መሄድ ነበረበት። ነገሩን እቤት ድረስ ያስገባው ስማርት ስልክ ነው፤ ከአፖቹም ኢሞ። ኢሞ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ስልክ ቁጥር ይበቃዋል፤ ኔትወርክ ሲደክምም ምስሉን እያደበዘዘ ጥሪውን ለማቆየት ይሞክራል። ዋትስአፕ የቪዲዮ ጥሪ የጀመረው ኅዳር 2009 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ብዙ እናቶች ኢሞን ለምደውት ነበር።

ከጥሪው ጋር አብሮ የለመድነው ክፉ አመልም አለ። ምስሉ ቀጥ ባለ ቁጥር «ስልኩን አትችሉበትም» እንላለን፤ እናትም «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» ብላ ጥፋቱን ትቀበላለች። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም ባይ ነኝ። የሚቋረጠው ጥሪ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ ከእሷ ጣት ውጭ ነው፤ መፍትሔውም ከምናስበው በላይ በእኛ በደዋዮቹ እጅ ነው። አንዱን ማስረጃ ከስልኳ ላይ ማየት ይቻላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪን ስለሚያግድ ዱባይ ያለችው ልጅ ቦቲም አስጭናለች፤ አሜሪካ ያለው ልጅ ኢሞ፣ አውሮፓ ያለችው ዋትስአፕ ወይም ሜሴንጀር። ሳዑዲ ዓረቢያ የኢንተርኔት ጥሪን የፈቀደችው መስከረም 2010 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት እዚያ የነበሩት ልጆች ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። አንዲት እናት ሦስት አራት አፕ የተሸከመችው የእያንዳንዳችን መኖሪያ አገር ሕግና ምርጫ ስለጫነባት ነው። ትንሿ ስልክ ስትሞላና ስትንቀራፈፍ ተጠያቂዋ እናት ልትሆን አይገባም።

ችግሩ የት እንዳለ ራሱ ጥሪው ይናገራል፤ ማዳመጥ ነው የሚያስፈልገው። ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ምስሉ ብቻ ከደረቀ ስልኩ ደኅና ነው፤ የጠበበው መስመሩ ነው። ለድምፅ በሴኮንድ ከ20 እስከ 40 ኪሎቢት ይበቃል፣ ምስል ግን ብዙ መቶ ኪሎቢት ይፈልጋል። እሷ እኛን እያየች እኛ እሷን ካላየን ከእሷ የሚወጣው መስመር ደክሞ ይሆናል፤ በሞባይል ኔትወርክ የሚላከው ከሚወርደው ብዙ ጊዜ ይቀጥናል። ይህ በተለይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይብሳል፤ ብረት ሲግናል ስለሚያዳክም ደጅ ወይም መስኮት አጠገብ መውጣት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። አንዱ ወገን ጨርሶ የማይሰማ ከሆነ ለአፑ ማይክሮፎን አልተፈቀደለት ይሆናል፤ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት «ይፈቀድ?» ብሎ ሲጠይቅ «አይ» ተብሎ ይሆናል፣ ወይም የስልኩ ልባስ ከታች ያለችውን የማይክ ቀዳዳ ደፍኗታል። ስልኩ ሳይጮህ ቀርቶ በኋላ ሚስኮል ብቻ ከታየ ደግሞ ባትሪ ቆጣቢው አፑን አስተኝቶት ይሆናል። ጥሪው በድንገት ድርግም ካለ የኢንተርኔት ጥቅሉ አልቆ ወይም መብራት ጠፍቶ የኔትወርክ ማማው ባትሪ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። እኛም ብንሆን የራሳችንን ዋይፋይ አንጠረጥርም፤ አምቦን ከመውቀስ በፊት እዚሁ ከተማ ላለ ጓደኛ በቪዲዮ ደውሎ ማየት ይቀድማል።

ከሁሉም የሚገርመኝ የቀኑ ነገር ነው። ስልኩ ባትሪው ወጥቶ ሲመለስ ቀኑን አጥቶ ይጠይቃል፤ ሰውየው በቅን ልቦና ዓመተ ምሕረቱን 2018 ብሎ ይሞላል። ስልኩ ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። አፑ ከሰርቨሩ ጋር ከመገናኘቱ በፊት የደኅንነት ምስክር ወረቀቱን ቀን ያመሳክራል፤ አምና የተሰጠው ምስክር ወረቀት ገና ያልተሰጠ ሆኖ ስለሚታየው አልገናኝም ይላል። ኔትወርክ ሞልቶ፣ ጥቅል ተገዝቶ፣ ጥሪው አይሄድም። ቀንና ሰዓት በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ያስተካክለዋል፤ ይህን ግን የሚያውቅ ሰው በትዕግሥት ካልጠየቀ ማንም አይደርስበትም።

ሰዓት መምረጥም የእኛ ድርሻ ነው። አምቦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ስልክ የምናነሣው በዚሁ ሰዓት ነው። እዚያ ግን ከተማው ሁሉ እቤቱ ገብቶ ቲክቶክና ዩቲዩብ የሚያይበት፣ አንድ ማማ በሕዝብ የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ይላቀቃል፤ ያ እዚህ ዋሽንግተን በአገር ቤት አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። ወላጆቻችን በዚያ ሰዓት ነቅተዋል፤ የሚከብደው ለእኛ ነው፣ በማግሥቱ ሥራ ስላለ።

«አዲስ ስልክ ልላክላት» የሚል መልስ ይቀርባል። ልጅ ለእናቱ ስልክ ቢልክ ደስ ይላል፤ ስልኩ ግን ማማውን አይለውጥም፤ ከአሜሪካ ኩባንያ በየወሩ ክፍያ የተወሰደና የኔትወርክ ቁልፉ ያልተከፈተ ከሆነ ደግሞ የአገር ቤት ሲም አይቀበልም። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ «ፊቷን ካላየሁ ምን ዋጋ አለው? ድምፅማ ድሮም ነበር» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ፊት ሳያዩ መታመም አለመታመሟን ማወቅ ይቸግራል። ነገር ግን አንድ ሰዓት ሙሉ በደረቀ ምስል ላይ «ትሰሚኛለሽ?» እያሉ ከመጮህ፣ መጀመሪያ ፊቷን በደንብ አይቶ ካሜራውን በሁለቱም በኩል አጥፍቶ በድምፅ መጫወት የሚሻል ይመስለኛል። ጥቅሏም ይተርፋል፤ ጥቅል የሚገዛው ከእሷ ኪስ መሆኑን ደግሞ እንረሳለን።

ከሁሉ የሚከብደው ኔትወርኩ ራሱ ሲዘጋ ነው። የአምቦ ተወላጁ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሰኔ 25 ቀን አምቦ ሲቀበር ውጭ ያለው የከተማዋ ልጅ ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን በቪዲዮ ሊያይ አልቻለም፤ መዘጋቱም ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። ለእንዲህ ያለው ቀን በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ መድኃኒት የለም። ጉዳቱን የሚያባብሰው ግን «ስልኩን አትችሉበትም» እየተባለች የኖረች እናት ጥፋቱን ከራሷ መፈለጓ ነው፦ አፑን ታጠፋለች፣ መልሳ ልትጭነው አትችልም፣ በማይሠራ ዳታ ላይ ሌላ ጥቅል ትገዛለች። መደበኛው ጥሪ ከሠራ፣ ውድም ቢሆን አንድ ደቂቃ ደውሎ «ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ነው፣ ስልክሽ ደኅና ነው፣ ምንም አትንኪ» ማለት የእኛ ሥራ ነው።